ከጎንደር ወደ ብርድ አገር፦ ውጭ ለከረመ ዘመድ የቤት ወሬ አላላክ

እናቴ ሦስት ጊዜ አሜሪካ ከርማ ተመልሳለች። ሁለቴ እህቴን ልታርስ፣ ሦስተኛው ደግሞ የልጅ ልጆቿን ልታይ። ሦስቱንም ጊዜ በኅዳር ሄዳ ፋሲካ ሲቃረብ ነው የመጣችው። «ከርማ» ስል የሐምሌን ዝናብ ማለቴ አይደለም። የዚያ አገር የብርድ ወራት እዚህ በጋ ናቸው። ጎንደር ፀሐይዋ የምትደምቅበት፣ ገናው፣ ጥምቀቱና ሰርጉ የሚደራረብበት ጊዜ ነው። እሷ ያን ጊዜ ዋሽንግተን አጠገብ አንድ አፓርታማ ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት በረዶ ታያለች። በታኅሣሥ እዚያ 11 ሰዓት ሳይሞላ ጀምበር ትጠልቃለች። ልጅና አማች ሥራ ናቸው። ቡና ቢፈላ አብሮ የሚጠጣ ጎረቤት የለም።

በመጀመሪያው ጉዞዋ የምንደውልላት ነገር ሲኖር ብቻ ነበር። ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲሞት፣ ገንዘብ ሲቸግር። ከተመለሰች በኋላ አንድ ማታ ቡና ላይ፣ «ስልኩ በጮኸ ቁጥር ማን ሞቶ ይሆን እያልኩ ነበር የማነሳው» አለችኝ። ይህ ንግግሯ እስካሁን ውስጤ አለ። ከዚያ ወዲህ የቤቱን ወሬ በሥርዓት መላክ ጀመርን። ተራው ወሬ በየሳምንቱ ከደረሳት ስልኩ ሲጮኽ አትደነግጥም። ከባድ ነገር ሲመጣም የምትሰማው ከለመደችው ድምፅ ነው። እዚህ የምጽፈው እኛ ቤት የሠራልንን አካሄድ ነው። አባት፣ አክስት ወይም አያት ውጭ ለሚከርምበት ቤትም ይሆናል።

ከመሄዷ በፊት

መጀመሪያ ስልኳን አዘጋጁ። ኢሞም ይሁን ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም፣ አንዱን ብቻ ምረጡ። ሦስቱንም ብትጭኑላት መልእክቱ የትኛው ላይ እንደመጣ ግራ ይገባታል። የመረጣችሁትን ስክሪኑ ፊት ለፊት አድርጉት። ፊደሉን አተልቁት። ከዚያ እዚሁ እያለች ሁለት ሳምንት ትለማመድ፦ ድምፅ መቅዳት፣ የመጣውን መክፈት፣ ደግሞ መስማት። እኔ እናቴን ያለማመድኳት እሷ ጓዳ፣ እኔ ሳሎን ሆነን እየተላላክን ነው።

አካውንቱ የተከፈተው በኢትዮጵያ ቁጥሯ ከሆነ ሲም ካርዱን ይዛው ትሂድ። እዚያ ሌላ ሲም ብታስገባም አካውንቱ በነበረበት ይቀጥላል። ችግር የሚመጣው ስልክ ስትቀይር ወይም አፑ ጠፍቶ እንደገና ሲጫን ነው። ያን ጊዜ የማረጋገጫ ኮድ በድሮው ቁጥር ይጠየቃል። ስለዚህ ስልኳን የሚነካኩት የልጅ ልጆች አፑን እንዳያጠፉባት ለእናታቸው ንገሩ። ኮዱን ለማንም እንዳትሰጥም አስጠንቅቋት። ዘመድ መስሎ የሚጠይቅ አጭበርባሪ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ከስልኩ ይበልጣል። የማንን ወሬ መስማት እንደምትፈልግ ጠይቋትና ጻፉት። እኛ የጠበቅነው የልጆቿንና የእህቶቿን ስም ነበር። እሷ የዘረዘረችው ሌላ ሆነ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ጉልበት። የማርያም ማኅበሯ ጽዋ ማን ዘንድ እንደደረሰ። የእድሩ መዋጮ መከፈሉ። ጓሮ ያለው ጌሾ። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምትገዛት ደንበኛዋ። ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሁልጊዜ ስለምታገኛቸው አንዲት የኔ ቢጤም፣ «አሉ ወይ፣ እየሄዳችሁ እዩልኝ» አለችን። ያ ደብተር አሁንም ቡፌው ላይ ነው፣ የምሠራውም በሱ ነው።

ነጋሪው አንድ ሰው ይሁን

ወንድም «ትንሽ ጉንፋን ነው» ይላል። አክስት ደግሞ በዚያው ቀን ደውላ «ሆስፒታል ተኝቷል» ትላለች። ሰሚዋ በሁለቱ መካከል ሆና ሌሊቱን ስታስብ ታድራለች። ይህ እንዳይሆን አዲስ ነገር የሚነግር አንድ ሰው ይመረጥ። ሌላው ይደውል፣ ይጫወት፣ ይሣቅ። አዲስ ነገር ሲኖር ግን መጀመሪያ ለነጋሪው ይነገር። ነጋሪው የግድ ታላቁ መሆን የለበትም። ነገር የማያጋንን፣ የማይቸኩል ሰው ይሁን። እዚያ በኩልም እንዲሁ አንድ ሰው ያዙ። በእኛ ቤት እዚህ እኔ ነኝ፣ እዚያ እህቴ ናት።

ሰዓቱንና ቀኑን ማወቅ

በብርዱ ወራት ዋሽንግተንና ኒውዮርክ ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ሚኒሶታና ዳላስ በ9፣ ሲያትልና ሎስ አንጀለስ በ11። ለንደን በ3፣ ስቶክሆልም በ2፣ እስራኤል በ1። አሜሪካኖች በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ፣ በማርች ሁለተኛ እሑድ ወደ ፊት ያዞራሉ። ስለዚህ መጋቢት ሲገባ የዋሽንግተኑ 8 ሰዓት 7 ይሆናል። እኛ አንድ ዓመት ይህን ረስተን ለሁለት ሳምንት የቀጠሮ ሰዓት ስናዛባ ከረምን።

ለእኛ የተመቸን ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እዚያ ቀን 6 ሰዓት ይሆናል፣ ሕፃኑ የሚተኛበት፣ እሷም ብቻዋን የምትሆንበት ሰዓት። ከጎንደር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብትደውሉ ግን እዚያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የሚጮኽ ስልክ ሰው ይገድላል። የድምፅ መልእክትም ቢሆን «ቲንግ» ይላልና ማታ ማታ ድምፁን እንድታጠፋው አለማምዷት። ቀጠሮ ስትይዙ ደግሞ «በሐበሻ 6 ሰዓት» በሉ። እዚያ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት 12 የሚለው እኛ 6 የምንለውን ነውና።

ከጎንደር ቤቶች ብዙዎቹ እስራኤልም ዘመድ አላቸው። እዚያ ሰዓቱ ቅርብ ነው፣ ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። ሰንበት ለሚያከብር ዘመድ ዓርብ ጀምበር ከጠለቀች እስከ ቅዳሜ ማታ አትደውሉ።

የቀን መቁጠሪያም ሌላ ነገር ነው። እዚያ የሚኖረው በፈረንጅ ቀን ነው፣ እናት የምታስበው ደግሞ በበዓል ነው። እህቴ አንድ ወረቀት ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችላት። ኅዳር 21 ጽዮን፣ ኖቬምበር 30። ታኅሣሥ 29 ገና፣ ጃንዋሪ 7። ጥር 7 ሥላሴ፣ ጃንዋሪ 15። ጥር 11 ጥምቀት፣ ጃንዋሪ 19። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም፣ ጃንዋሪ 29። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት፣ ፌብሩዋሪ 23። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት በኋላ ጥምቀት ወደ ጃንዋሪ 20 እንደሚገፋ አትርሱ። እናቴ በዚያ ወረቀት የተነሳ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቀን እኛ ሳንደውል ቀድማ «እንኳን አደረሳችሁ» አለችን።

ወሬውን መሰብሰብና መቅዳት

«ምን አዲስ ነገር አለ?» ስትባሉ «ሰላም ነው፣ ምንም የለም» ብላችሁ እንዳትዘጉት። ሳምንት ሙሉ ምንም ያልሆነበት ቤት የለም። ደብተሩን ቡፌ ላይ አስቀምጡና ነገር ባያችሁ ቁጥር አንድ መስመር ጻፉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስትቀዱ ከዚያ ታነቡታላችሁ።

አቀዳዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ሳትቸኩሉ። ከዚያ ወዲያው «ሁላችንም ደህና ነን» በሉ። ይህችን ቃል እስክትሰማ ድረስ ሌላው አይገባትም። ከዚያ ቀኑን ተናገሩ፣ ምክንያቱም መልእክቱን ደግማ ደጋግማ ስለምትሰማው የመቼ እንደሆነ ማወቅ አለባት። አንድ ቅጂ ከሁለት ሦስት ደቂቃ አይለፍ። ረጅም ወሬ ካለ ከፋፍላችሁ ላኩ። ንፋስ ባለበት አትቅዱ። የቡና ሙቀጫ፣ ዶሮ ወይም የደወል ድምፅ ቢገባ ግን አታጥፉት። እሷ እሱንም ትሰማዋለች።

አንድ ጊዜ የላክሁት እንዲህ ይላል፦

«እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ሁላችንም ደህና ነን። ዛሬ ታኅሣሥ 12 ነው፣ ሚካኤል። ጠዋት ተሳልሜ መጣሁ። ስወጣ የታችኛዋን ጎረቤታችንን አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል፣ ያለ ምርኩዝ በእግራቸው ነው የመጡት። ሳሚልኝ ብለዋል። ጌሾው ተቆርጧል፣ እንዳልሽው ጥላ ላይ ነው ያሰጣሁት። ጽዋው እነ አክስቴ ቤት ነው የደረሰው፣ የአንቺን ድርሻ እኔ ይዤ እሄዳለሁ። ነጯ ዶሮ መጣል ጀምራለች፣ ጾሙ ስላላለቀ እንቁላሉን እያጠራቀምን ነው። ቁስቋም ያሉት እናትም አሉ፣ ባለፈው እሑድ ያንቺን ሰጥቻቸው መርቀውሻል።»

እዚህ ውስጥ ትልቅ ነገር የለም። እናቴ ግን አራት ቀን ስትሰማው እንደነበር እህቴ ነገረችኝ። ልብ በሉ፣ «ጎረቤት ደህና ናቸው» አላልኩም። ያለ ምርኩዝ መጡ አልኩ። «ጌሾው ደህና ነው» አላልኩም። ጥላ ላይ ነው አልኩ። እንዲህ ሲነገር ዓይኗ ያየዋል።

ስልክ የሌላቸውን ሰዎች ድምፅም ያዙ። ጎረቤታችን ከኔ ስልክ ላይ ምርቃት ቀድተውላታል። መጀመሪያ ስልኩን አፍረው ነበር፣ በኋላ ማቆም አቃታቸው። እሷም መልሳ ላከችላቸው። ሁለቱ አሮጊቶች በኔ ስልክ አንድ በጋ ሙሉ ተጫወቱ።

የእሷንም ወሬ ጠይቁ። የሕፃኑን ዕንቅልፍ፣ በረዶውን፣ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ያገኘችውን የጎንደር ሰው። ወሬ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲሄድ ሰው እንግዳ ይሆናል።

የምሥራች ሲኖር

ልጅ ሲወለድ፣ ሰርግ ሲቆረጥ፣ ተማሪ ሲመረቅ የወሬው ባለቤት ራሱ ቀድሞ ይንገራት። እዚህ ላይ የነጋሪው ሥራ ዝም ማለት ነው። ይህን በጽሑፍ አትላኩት። ደውላችሁ «የምሥራች!» በሉና ቁሙ። «ምሥር ብላ» የምትልበትን ጊዜ ስጧት፣ እልል ትበል። ጥር ከጥምቀት በኋላ ሰርግ የሚበዛበት ወር ስለሆነ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ የሚደረጉትን ቀኖች ቀድማችሁ ላኩላት። የሕፃን ክርስትና ካለም እንዲሁ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሆነ ራሷ ቆጥራ ትጠብቃለች። ቀኑ ደርሶ ወሬ ከጠፋ ትከፋለች።

ፎቶና ቪዲዮ፣ በተለይ ጥምቀት

ሰው ቪዲዮ ሲያነሳ ብዙውን ጊዜ ሕዝቡን ከሩቅ ያነሳል። እናት የምትፈልገው የሰው ፊት ነው። ስልኩን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፣ እያንዳንዱን ሰው ስሙን ጥሩ፣ ወደ እሷ እንዲናገር አድርጉ። ሰላሳ ሴኮንድ ይበቃል።

ለጥምቀት ግን ሰዓቱ ራሱ የተመቸ ነው። ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ዋሽንግተን ጠዋት ነው። ጥር 11 ማለዳ 12 ሰዓት ላይ እኛ ውኃው ዳር ቆመን ስንጠብቅ፣ እሷ ዘንድ ገና ጥር 10 ከማታው 4 ሰዓት ነው። ሳትተኛ ታየዋለች። ችግሩ ያን ዕለት ሕዝቡ ሁሉ ስልክ ስለሚከፍት መሥመሩ ይጨናነቃል። ስለዚህ በቀጥታ ለማሳየት ብቻ አትመኩ። ቅዱት፣ ቤት ወይም መሥመሩ የላላበት ቦታ ስትደርሱ ላኩት። ረጅም ቪዲዮ ካለ ሌሊት ላኩ። ጥርት ብሎ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ በፋይል መልክ ላኩት። ጥር 12 ሚካኤል ሲመለስ ያለውንም አትርሱ፣ ብዙ ሰው ካሜራውን የሚያስቀምጠው በ11 ነው።

ሰው ሲታመም

አይደበቅ። እናቶች ከድምፅ ያውቃሉ፣ የተደበቀ ነገር ደግሞ በሐሳባቸው ውስጥ እጥፍ ይሆናል። አነጋገሩን ግን አስተካክሉ። መጀመሪያ አሁን ያለበትን ሁኔታ ተናገሩ፣ የሆነውን በኋላ። «ወንድሜ አሁን ቤት ነው፣ ምሳውን በልቷል። ማክሰኞ ሆዱን አሞት ሆስፒታል ወስደነው ነበር፣ መድኃኒት ሰጥተውታል፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ሰኞ ነው።» በሰኞው ቀጠሮ የሆነውን የዚያኑ ዕለት ላኩ። ቃል ገብታችሁ ካልላካችሁ ዝምታው ሌላ ትርጉም ይይዛል። የሚቻል ከሆነ የታመመው ሰው ራሱ አንድ ቃል ይናገር።

መርዶ

ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

በሁለተኛው ጉዞዋ አንድ የቅርብ ዘመዳችን ዐረፉ። እኛ እንዴት እንደምንነግራት እየተመካከርን ሳለን፣ ከቤታችን ልጆች አንዱ ፎቷቸውን «ነፍስ ይማር» ብሎ ለጠፈ። ክፋት አልነበረበትም፣ ኀዘኑ ነው። እናቴ ግን ያየችው በልጅ ልጇ ስልክ ላይ ነው፣ ብቻዋን፣ ሕፃን ታቅፋ። እህቴ ሥራ ነበረች።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። ሰው እንዳረፈ ነጋሪው ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ለወጣቶቹ በተለይ፣ «እማዬ እስክትሰማ ማንም ምንም እንዳይለጥፍ» ብሎ በግልጽ ይናገር። ለጎረቤትና ለሩቅ ዘመድም ይነገር።

ሁለተኛ፣ ለእሷ በስልክ አትንገሯት። የምትደውሉት እዚያ ላለው ሰው ነው፣ እሱም ቢሆን ሥራ ላይ እያለ አይሁን። ከዚያ መርዶው እዚህ እንደሚነገረው ይነገር። በማለዳ፣ በቤት፣ ሰው ተሰብስቦ። እዚያ አካባቢ ያለ ዘመድ፣ የምታውቀው የጎንደር ሰው፣ ከተቻለ ከቤተ ክርስቲያኗ አንድ አባት ይገኙ። ልጇ የዚያን ቀን ሥራ አትሂድ። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ መውሰዷ ይታይ። ሕፃኑን የሚይዝ ሌላ ሰው ይኑር።

ሦስተኛ፣ ከሰማች በኋላ እናንተ ደውሉ። አብራችሁ አልቅሱ። ድንኳኑ ካልፈረሰ ስልኩን ይዛችሁ ልቅሶ ቤቱ ግቡ፣ ከሐዘንተኞቹ ጋር አገናኟት። ማን እንደቀበረ፣ የት እንደተቀበሩ፣ በመጨረሻ ምን እንደተናገሩ ሁሉንም ንገሯት። ይህን ትጠይቃለች፣ ካልጠየቀችም ንገሯት። የ40ውን ቀን ተዝካር ቀን ላኩላት፣ እዚያ ባለችበት ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ታስደርግበታለች።

«ስትመለስ ትስማው» የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ለሩቅ ሰው ሊሆን ይችላል። ለወንድም፣ ለእህት፣ ለልብ ጓደኛ ግን እኔ አልስማማም። አምስት ወር ሙሉ «እንዴት ናት?» እያለች ስትጠይቅ «ደህና ናት» ያላችሁት ሁሉ በኋላ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ «ደህና ናቸው» የምትሉትን ማንኛውንም ነገር አታምንም።

መሥመር ሲጠፋ

በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ምን ያህል እንደጨነቀን የጎንደር ሰው ያውቃል። ስለዚህ ሁለተኛ መንገድ ከአሁኑ ያዙ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ዘመድ በተራ ስልክ ወሬያችሁን ተቀብሎ ወደ ውጭ ያስተላልፍ። እናትም ድንገት ዝም ካላችሁ እሱን እንድትጠይቅ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ስጧት፣ ስልኳ ውስጥ ብቻ አይሁን።

ልትመለስ ሁለት ሳምንት ሲቀራት

አዘዞ ከአውሮፕላን ወርዳ ቤት ስትደርስ የምታየው ለውጥ ካለ ቀድማችሁ ንገሯት። አጥር ተቀይሮ፣ ዛፍ ተቆርጦ፣ ጎረቤት ቤት ለቆ ከሆነ። ከዚያ ደብተሩን ክፈቱና በሌለችበት የሆነውን በሦስት ረድፍ ጻፉላት፦ ልቅሶ የምትደርስባቸው ቤቶች፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምትላቸው አራሶች፣ ሰርጋቸው ያለፈባት ሙሽሮች። ባለፈው ዓመት የእናቴ ዝርዝር አሥራ አንድ ቤት ነበረው። በመጣች በማግስቱ ነጠላዋን ደርባ፣ ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ አድርጋ፣ ከልቅሶዎቹ ጀመረች።